በባለቤቴ ኪስ ያገኘሁት ሪባን

ውድ ተቆጣጣሪያችን፣

አንቺ ልበልሽ፣ አትቀየሚኝ። በዕድሜ ታናሽ እህቴ ትሆኛለሽ። ደግሞ ስንት ወር ሙሉ በሆዴ «አንቺ» እያልኩ ስሰድብሽ ከርሜ ዛሬ ወረቀት ላይ «እርስዎ» ብልሽ እኔው ራሴ ያስቀኛል። የዶዘሩ ኦፕሬተር ሚስት ነኝ። ከዳገቱ ሥር ሰማያዊ በር ያለው ቤት፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ ልብስ የምትሰፋዋ። የአንጸባራቂ ሰደርያሽን ዚፕ የቀየርኩልሽ እኔ ነኝ።

ትናንት ማዘጋጃ ቤት በአንቺ ጉዳይ ተጠርቼ ነበር። አንቺን ለዚያ ቀን ስላልጠሩሽ የሆነውን የምትሰሚው ከሰው ነው። ጎረቤቴ ሬዲዮ (ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፣ እናቷ አይደለችም) በር ላይ ቆማ ስታዳምጥ ስለነበር እስካሁን ሳታሰራጨው አልቀረችም፤ እሷ ደግሞ ሳትጨማምር አታወራም። ስለዚህ ከእኔው ስሚው ብዬ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ቀንቼብሻለሁ። ይህን ካልነገርኩሽ የቀረው አይገባሽም።

በመልክሽ እንዳይመስልሽ። መልክሽን በቅጡ ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ ከመስኮቴ የሚታየኝ ጉልበትሽ ድረስ ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማና ባርኔጣሽ ብቻ ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ባሌ የሚሰማሽ መሆኑ ነው።

የእኔን ባል አታውቂውም። እኔ አንድ ነገር ስነግረው «እሺ» ይላል። «እሺ» ማለት እሱ ዘንድ «ጨረስሽ?» ማለት ነው። ትዳራችን በዚች «እሺ» ላይ ቆሞ ልጆች አሳድጓል። ያ ተቋራጭ ዳገቱን ጠርጎ ቤቶች ሊሠራበት እንደሆነ፣ ባለቤቴም ምንጣሮውን እንደሚይዝ የነገረኝ ዕለት ራት እየበላን እንዲህ አልኩት፦

«ያንን ቁጥቋጦ ከነቀላችሁት ዳገቱ እንደ ተተረተረ ቅምቅማት ነው የሚሆነው። ቁጥቋጦው እኮ ጠርዙን የያዘ ክር ነው። አንዷን ጫፍ ስባችሁ ልቀቁና ጭቃው ሳሎኔ ድረስ ነው የሚመጣው።»

«እሺ» አለኝ። ትንሽ ቆየና «ጨው አንሶታል» አለ።

ከዚያ አንቺ ከማዘጋጃ ቤት ተልከሽ መጣሽ። የማይነካውን ለመለየት ብርቱካናማ ሪባንሽን ከዛፍ ዛፍ፣ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እያሰርሽ ዳገቱን ዞርሽው። ሠራተኛው ስምሽን ሳያውቅ «ሪባን» አለሽ። ባለቤቴም በየምሽቱ ደንቡን ይዞልኝ ይመጣ ጀመር። ያለ ፈቃድ መመንጠር የለም። የወንዙ ዳርና የዳገቱ ጫፍ አይነካም። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተከምሮ፣ ተሸፍኖ ይቆይና ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። የተራቆተ መሬት ዝናብ ሳይደርስበት ሣር ወይም ገለባ ይለብሳል። የልጆቹን ልደት የማያስታውስ ሰውዬ ይህን ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል!

እሱንም ቻልኩት። ግን አንድ ቀን እጁን ሳይታጠብ በደስታ ገባና፦

«ሰማሽ? ቁጥቋጦ እኮ ዝም ብሎ ቁጥቋጦ አይደለም። የዳገቱን ጠርዝ እንደ ስፌት ነው የያዘው። አንዱን ክር ከሳብሽው ሁሉም ነው የሚተረተረው» አለኝ።

መቀሱን አስቀመጥኩ።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ተቆጣጣሪዋ ናታ። ሁላችንንም ሰብስባ አስረዳችን። የተማረ ሰው እኮ ሌላ ነው!»

«እኔስ ምን ብዬህ ነበር?»

«መቼ?»

መቼ! ያን ምሽት የአንድ ደንበኛዬን ሱሪ ገልብጬ ሰፋሁት።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሁሉን ነገር ማየት ጀመረ። በሥራ ቀን ጢሙን ይላጫል። ለጭቃ ሥራ ሸሚዝ ተኩሺልኝ ይላል። «ዛሬ ማሽኑ ኮፈን ላይ ካርታ ዘርግታ አሳየችን» ሲል ድምፁ ይለሰልሳል፤ እኔ ደግሞ እንኳን ካርታ ሱፍ ብዘረጋ ረግጦት ነው የሚያልፈው። ጃኬቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የአንቺን ሪባን! ቁራጭ ናት፣ ተጠቅልላ። ሴት ልጅ ከባሏ ኪስ የሌላ ሴት ሪባን ስታገኝ የሚሆነውን አንቺም ሴት ነሽ ታውቂዋለሽ። ቀኑን ሙሉ እጄ ላይ ጠቅልያት ዋልኩ። ማታ «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ፊቱ ላይ አውለበለብኩለት።

«አገኘሽው? እሰይ!» ብሎ ተቀበለኝና ጓሮ ሄደ። የልብስ መዘርጊያ ገመድ ልዘረጋበት ቁረጥልኝ ስለው የከረምኩትን ቁጥቋጦ ወገቡ ላይ አሰረለት። «ይህ አይቆረጥም» አለኝ። በገዛ ጓሮዬ!

እንዲህ ባለው ሰሞን ነው እንግዲህ ዚፕሽ የተበላሸው። በሬን አንኳኳሽ። «የኦፕሬተሩ ባለቤት ነዎት አይደል? ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ» አልሽኝ። «እርስዎ» ስትዪኝ አሮጊት ያደረግሽኝ መሰለኝ። «ብዙ ሰምቻለሁ» ያልሽው ደግሞ፣ ቁጭ ብለው ሲያሙኝ ነው የሚውሉት አልኩ በልቤ። ዚፑን ጥርሴን ነክሼ፣ ክሩን ደራርቤ ነው የሰፋሁልሽ። ጠንክሮ እንደሆነ የጠነከረው በንዴት ነው።

አንድ እሑድ ተቋራጩ ባለቤቴን ጠርቶ «ዛሬ ተቆጣጣሪዋ የለችም፤ ከሪባኑ ወዲያ ያለውን ቶሎ ጠርገህልኝ ግባ» ይለዋል። ባለቤቴ እንቢ አለው። እኔ «ተው» እያልኩት ለሰው ሁሉ እሺ ሲል የኖረ ሰውዬ፣ ለአንቺ ሲሆን እንቢ ማለት መጣለት! ሌላ ሚስት ትኮራ ይሆናል። እኔ ለሬዲዮ «ባሌን ሪባን አስራ ወሰደችው» አልኳት። የልብስ ማስጫው ጋ ቆመን፣ በሳቅና በንዴት መሃል ያልኩት ነው። ሬዲዮ ግን ሳቁን ትታ ንዴቱን ብቻ ይዛ ሄደች።

ወሬው ተቋራጩ ጆሮ ደረሰ። በሚያብረቀርቅ ጫማው ጭቃውን እየዘለለ ቤቴ መጣ።

«እህቴ፣ በደልሽን ሰምቻለሁ» አለኝ። «ልጅቷ ትዳር እያፈረሰች ሥራም እያስቆመች ነው። አቤቱታውን እኔ አስገብቼዋለሁ። ስትጠሪ ቀርበሽ የምታውቂውን መናገር ብቻ ነው። ከዚያ የሠራተኛውን ቱታ በሙሉ አንቺ ነሽ የምትሰፊው።»

አልዋሽሽም፣ አላባረርኩትም። ሻይ አፍልቼለታለሁ። «ላስብበት» ነው ያልኩት። እሱ ሲወጣ ማዘጋጃ ቤት ያለው ጠረጴዛሽ ባዶ ሲቀር እያሰብኩ ደስ አለኝ።

አቤቱታው እስኪጣራ ከሥራ ታገድሽ ተባለ። ባለቤቴ ጢሙን መላጨት አቆመ። የእኔም ደስታ አንድ ቀን እንኳ አልዋለልኝም። ቀላል ዝናብ ጥሎ ባባራበት ጠዋት ጃንጥላዬን ይዤ ዳገቱን ወጣሁት፤ ከሥሩ ስኖር ወጥቼ አይቼው አላውቅም። ከተጠረገው በኩል ቀይ ውሃ እየተንደረደረ ቦይ ከፍቷል። ሪባንሽ በታሰረበት በኩል ቁጥቋጦው ሥር ውሃው ኩልል ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል። በዚያ በኩል ቁልቁል ሳይ ምን ይታየኛል? ሰማያዊ በሬ። ሪባኖቹ ካንቺ ጋር ከተነሡ ማሽኑ እዚያ ነው የሚገባው። ቀይ ውሃው የሚመጣው በሬ ላይ ነው።

እዚያው ቆሜ ረገምኩሽ። ልጠላሽ እንኳን አትመቺም።

ትናንት እንግዲህ ቀረብን። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት፣ መስኮቱ የቆሻሻ መኪና ማቆሚያ ላይ የሚከፈት። ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ዓይነት። ባለቤቴ በአንድ ወገን፣ ተቋራጩ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል።

«እመቤት» አሉኝ ሰብሳቢው፣ «ተቆጣጣሪዋ ከባለቤትዎ ጋር ከሥራ ውጭ የሆነ ነገር አላት ተብሏል። እርስዎም ቀንተዋል ተብሏል። እውነት ነው?»

«መቅናቴስ እውነት ነው» አልኩ።

ተቋራጩ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ።

«ምን ብታደርግ ነው?»

«ሰማታ! እኔ ያልኩትን ቃል እሷ ስትለው ይሰማታል። ዳገቱ ቅምቅማት ነው፣ ቁጥቋጦው ክሩ ነው ብዬ ራት ላይ ነገርኩት፤ ጨው አንሶታል አለኝ። ያንኑ እሷ ስትለው ማሽን አቆመላት። የወሰደችብኝ ቃሌን ነው እንጂ ባሌንስ ይኸው፣ ማን ይወስደዋል?»

ተቋራጩ ብድግ አለ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ለእኔ የነገረችኝ እንዲህ አይደለም!»

«ለአንተማ ምንም አልነገርኩህም። ሻዬን እየጠጣህ ስታወራ የነበርከው አንተ ነህ።»

ሰብሳቢው ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «አንተስ፣ ከእሷ ጋር ምንድን ነው የምታወሩት?»

ባለቤቴ ኮፍያውን በጣቱ እያሽከረከረ ቆመ። «መጀመሪያ የመጣች ቀን ከማሽኑ አስወረደችኝና ‹ከታች ያለው ሰፈር የማን ነው? ውሃው በየት ይወርዳል?› አለችኝ። የእኛው ሰፈር ነው አልኳት። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ይህ ዳገት ጠርዙ ከተተረተረ ጭቃው ሳሎን ይገባል፣ ቁጥቋጦው ክሩ ነው ትላለች አልኳት። ሳቀችና ‹ከደንቡ ይልቅ ይህ ነው ለሠራተኛው የሚገባው፤ እነግራቸዋለሁ› አለች። ከቀናት በኋላ ሰብስባ ነገረችን። ይኸው ነው።»

 ሁሉም ወደ እኔ አየ። አለቅሳለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። ለካ «ብዙ ሰምቻለሁ» ያልሽኝ ይህን ኖሯል! እኔ ግን እንባዬ አይደለም የመጣው።

«ሰምተኸኝ ነበር ማለት ነው?» አልኩት።

«አዎ።»

«ታዲያ ጨው አንሶታል ያልከኝ ምንድን ነው?»

«አንሶት ነበራ!»

«እሺ፣ የእኔኑ ቃል ወስደህ ሰጥተሃት ስታበቃ፣ ‹ተቆጣጣሪዋ አለች› ብለህ ለእኔው ይዘህ የምትመጣው፣ ስጠይቅህም ‹መቼ?› የምትለኝ ምን ነክቶህ ነው?»

ኮፍያውን ማሽከርከሩን አቆመ። «እሷ ስትለው ነዋ እውነት መሆኑ የገባኝ» አለ።

ሰብሳቢው ፊታቸውን በፋይል ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ረጋ ሲሉ አቤቱታው መሠረት የለውም አሉ። ሰኞ ሥራሽን ትጀምሪያለሽ፣ እስክትመጪ ማሽኑ እንዳይነሣ፣ ሪባኖቹም ባሉበት ይቆዩ ተባለ። ተቋራጩ ሳይሰናበተን ወጣ። ቱታዎቹ እንግዲህ ለሌላ ሰፊ ናቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝናብ ጀመረ፤ ጃንጥላውን እሱ ያዘ፣ ወደ እኔ አዘንብሎ። እሱ ግማሽ ትከሻው ረጠበ። «እሺ» እንኳን አላለም።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። «ሳቀችና» ሲል ፊቱን አይቼዋለሁ። የተናገርኩት እኔ፣ ስትስቂ የታየሽው አንቺ። እኔ እዚያው ራቱ ላይ ብስቅ ኖሮ ይታየው ነበር? ይህ ትንሽ ይቆጠቁጠኛል፣ ገና ይቆጠቁጠኛል። ቢሆንም ሰኞ ነይ። ዝናቡ ሳይበረታ ነይ። ከመስኮቴ ባርኔጣሽን ሳላይ ስፌቴ አይቀናኝም፤ በማን ልናደድ?

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ባለቤቴ እኔን የሚሰማኝ በማዘጋጃ ቤት በኩል ዞሬ ስመጣ እንደሆነ አሁን ካወቅን፣ መንገዱን ለምን አንጠቀምበትም? ሰኞ ስታገኚው ጭቃ ያለበትን ቦት ጫማ በር ላይ ማውለቅ ተገቢ መሆኑን አስረጂልኝ። ደንቡ ላይ ባይኖርም ፊትሽን ኮስተር አድርገሽ ንገሪው። ማታ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ይገባና «ሰማሽ?» ይለኛል።

እኔም «ማን ነው እንዲህ ያለው?» እለዋለሁ።

የስፌቱ ቃል ባለቤት፣
የዶዘሩ ኦፕሬተር ሚስት