ከአይቡ ጎን የተገኘው ትል

ለውድ ወንድሜ ለኦርሁን፣

ከኡርላ እስከ ሃምቡርግ ሰላምታዬ ይድረስህ። የመጀመሪያ ልጅህን ለመዳር እንኳን አበቃህ! እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፤ እኔን ግን ትል አንገሽግሾኛል።

ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሴቶች ከወደባችን የለቀሙትን የባሕር ትል በየብልቃጡ አሳዩን። ዓይነቱ አይቆጠርም፤ ገሚሱ ከሩቅ ባሕር በመርከብ ሆድ ተለጥፎ የመጣ ነው አሉ። ጸጉራም፣ ልጋጋም! ፊቴን አዞርኩ። አባባ ግን “ያለ ፓስፖርት ገብቶ ዓሣችንን ይበላል!” እያለ አሳቃቸው።

ትናንት ማቀዝቀዣውን ብከፍት፣ አባባ የመንጠቆ ትል በሚያኖርበት ጣሳ ውስጥ፣ ከአይቡ ጎን፣ የእሳት ትል ይርመሰመሳል። ያ ጸጉሩ እንደ ሳማ የሚለበልበው፣ ልጆች ሳለን አባባ “እንዳትነኩት!” እያለ እጃችንን ይመታበት የነበረው። በባዶ እጁ ለቅሞት ጣቶቹ አብጠዋል።

“እፍ! አባባ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?” አልኩት።

“ተይው፣ ኦርሁን ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይለየዋል” አለኝ።

አይቡን ደፋሁት። ማቀዝቀዣውን ሦስቴ በኮምጣጤ አጠብኩት፤ ግማቱ አልለቅ አለኝ።

ሙሽራዋን ሳምልኝ፤ ያንተንም ዓይኖች ስሜያለሁ። አሁን ልነሳ፤ አባባ ምሳህን በሳህን ከድኖ እየጠበቀህ በር ላይ ተቀምጧል።

እህትህ ጉልሴን