ስለ ተነቀሉትና ስላልተተከሉት ጥርሶቼ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ቢያዝን፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ባሕር ዳር፣ ጥር 1978 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? በተለይ መንጋጋዎ እንዴት ነው? ሠላሳ ሁለቱም ጥርስዎ በየቦታው መኖሩን በየስብሰባው ስለማይ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። እኔ ታንኳ ሠሪው መስዑድ፣ በሐይቁ ዳር አብሬዎት ያደግሁት፣ ሊቀመንበር እስከሆኑበት ቀን ድረስም አንተ እልዎት የነበርሁት ነኝ። በመሠረተ ትምህርት በቆጠርሁት ፊደል ይህን ጽፌ በቀበሌው የሒስ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት፣ አብዮተኛ ሒስ አይፈራም ሲሉ ስለሰማሁ ነው።

እንደሚያውቁት ሁለት የፊት ጥርሶቼን መቅዘፊያ መትቶ ጣለብኝ። በዚያው ሰሞን ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣው ሐኪም፣ ጥርስን እንደ ችካል በመንጋጋ አጥንት ውስጥ መትከል ተጀምሯል ብሎ ተናገረ። ተጀምሯል ያለው በአገሩ ነበር። እርስዎ ግን ሐኪሙ ገና ሻንጣውን ሳያነሣ የጥርስ ተከላ ዘመቻ አወጁልን። ለፍጥነትዎ እጅ እየነሣሁ ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለተከላው ቦታ ይመቻች ተብሎ አጠገባቸው የነበሩት አራት ጤነኛ ጥርሶቼ ተነቀሉ። ነቃዩ የጤና ጣቢያው ድሬሰር እንኳ አመንትቶ ነበር። በእኔ ይሁንብህ ብለው ራሴን በሁለት እጅዎ ደግፈው የያዙልኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ሐኪሙንም ድሬሰሩንም አላመንሁም፤ ያመንሁት እርስዎን ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ታንኳ ሲሠራ ሁለት እጅ የሐይቅ ዳሩን ረጅም ቄጠማ፣ ደንገሉን፣ ጨምቆ ሲይዝ ገመዱን ስቦ የሚያጠብቀው ጥርስ መሆኑን ከልጅነትዎ ጀምሮ ያውቃሉ። ዛሬ በድዴ ስስበው ያመልጠኛል። ባለፈው ከሐይቁ ማዶ ለመጣ አንድ የቁንዝላ ሰው የሠራሁት ታንኳ መሀል ሐይቅ ላይ ሊበተን ደርሶ፣ ሰውየው ነፍሱን ይዞ ከወጣ በኋላ ረግሞኝ ሄደ። እውነቱን ነው። አሁን ገመዱን በጥርሷ የምትስብልኝ ባለቤቴ ሙኒራ ናት። እሷ ስትስብ አፍራለሁና ፊቴን አዞራለሁ። አባቴ ካወረሰኝ ሙያ የቀረልኝ ደንገል ማቀበል ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች በመጡ ጊዜ እርስዎ ዘመቻው መቶ በመቶ መጠናቀቁን አበሰሩ። ነቀላው በእርግጥ ተጠናቋል። እኛን ጥርስ የለሾቹን ከፊት አሰልፈው ፈገግ እንድንል፣ አፋችንን ግን እንዳንከፍት አዘዙን። አልከፈትንም፤ እንዲያውም አጨበጨብን። ስለተሸለሙት ሜዳሊያ እንኳን ደስ አለዎ።

ከዚያ በኋላ ጥርሴ መቼ ይተከላል ብዬ ልጠይቅ ቢሮዎ ብመጣ፣ የትኛው መስዑድ ነው ብለው በዘበኛ አስጠየቁኝ። ይህን ቁጥር አልሰጠሁትም። ጥርሴ የተነቀለ ዕለት እንኳ እንዲህ አላመመኝም።

እንደ ዘመቻዎ ሳይሆን እንደ ጥርስዎ ሙሉ ሆነው እንዲኖሩ የሚመኝልዎ፣ አፉ ታዝዞ የተዘጋ፣ እጁ ግን ትእዛዝ ያልደረሰው አክባሪዎ፣
መስዑድ

ማሳሰቢያ፦ የሞተር ጀልባው ስለተበላሸ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደቅ ደሴት የሚሻገሩበትን ታንኳ እንድሠራልዎ አዘዋል። ደንገሉ ታጭዶ ዳር ላይ ተከምሯል። ማሰሩ ብቻ ቀርቷል። በእርስዎ አቆጣጠር መቶ በመቶ ተጠናቋልና፣ ሲመችዎ መጥተው ይሳፈሩ።