ቦዲቲዎች የጠሩት ያንተን እጅ ነበር

አባዬ፣

ሰው ደብዳቤ ሲጀምር «ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ» ይላል። አንተን እንዲህ ብዬ ብጠይቅ ትስቅብኛለህና የኛን ጤና ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። እኔም፣ ብታምንም ባታምንም፣ ዛሬ አንድም የተሰበረ ነገር የለኝም። ከተለየኸን ሁለተኛው የጊፋታ አዲስ ዓመት አለፈ። የመጀመሪያውን በለቅሶ ነው ያሳለፍነው። ዘንድሮ ግን እማዬ ራሷ ጎረቤቱን ሰብስባ ሥጋ አበላች፤ ሰው ሲሸኝ ጓሮ ገብታ አለቀሰች።

ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም፤ አንተ ብትኖር የማታውን ጸሎት በምልክት ነበር የምታደርሰው። በጓሮ በኩል አዲስ እንሰት ተክለናል። በሽተኞችህ ግን አልቀሩም። ሞትህን ያልሰማ የገጠር ሰው አሁንም የተሰበረ እጁን አቅፎ ይመጣል። እማዬ ስትነግረው እጁን ረስቶ ላንተ ያለቅሳል፤ ለቅሶው ሲወጣለት እጁ ትዝ ይለውና ለሱም ያለቅሳል። ከዚያ የተቀቀለ የቦይና ሥር በሚያቃጥል ዳጣ አብልታ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደውን መንገድ ታሳየዋለች።

ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ ኳሴ ነው። በቀኝ ክንፍ እንደኔ የሚሮጥ በሶዶ አልነበረም፤ እንደኔ የሚሰበርም አልነበረም። አንተ የወላይታ ወጌሻ ሁሉ የሚያከብርህ ሰው፣ ከሌላው በሽተኛ ሁሉ ይበልጥ የደከምከው ለገዛ ልጅህ ነው። ትከሻዬን፣ የእጄን አንጓ፣ ጉልበቴን፣ ያንን የማይረባ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴን ያልጠገንክበት ዓመት የለም። «ይሄ ልጅ እኮ ሥራ እንዳልፈታ ብሎ ነው የተወለደው» ትል ነበር። መጀመሪያ ትጸልያለህ፤ ከዚያ ቂቤ ትቀባኛለህ፤ ከዚያ ጎሉ እንዴት እንደገባ ትጠይቀኛለህ። እኔ ሞቅ አድርጌ ሳወራ ድንገት ቀጭ ታደርገዋለህ። አንድም ቀን ወሬዬን አስጨርሰኸኝ አታውቅም። ቀርከሃውን በቃጫ ጠፍረህ ስታበቃ ላብህን ትጠርግና፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለህ።

የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነህና እሑድ ከሰዓት ኳስ ሜዳ መታየት አልነበረብህም። ሽማግሌዎቹ ጨዋታውን የዓለም ነገር ነው ይሉት ነበር። አንተ ቂቤህን በኮባ ቅጠል ጠቅልለህ ባሕር ዛፎቹ ሥር ትቆማለህ፤ ሲጠይቁህም «ለሥራ ነው የመጣሁት፤ መጠራቴ መች ይቀራል?» ትላቸዋለህ። ጎል ሲገባ ግን ለሥራ የመጣ ሰው እንደዚያ አይዘልም አባዬ።

አንተ ካረፍክ በኋላ ቁርጭምጭሚቴ እንደገና ወለቀ። ሌላ ወጌሻ አየኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ እጁ ግን ያንተ አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ተኝቼ ከረምኩ። ስነሣ አምበላችን ሙዝ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። እንደ ለቅሶ ደራሽ ጥግ ይዞ ተቀመጠና፣ «ድሮ ብትሰበር አባትህ ነበሩልን፤ ሳንናፍቅህ ትመለስልን ነበር። አሁን ብትሰበር ማን ይመልስሃል?» አለኝ። ማሰናበቱ ነበር፤ ለካ ቡድኑ ሁለታችንንም ነበር ያሰለፈው። እሱ ሲወጣ ሙዙን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁ። ያን ቀን አንተን ሁለተኛ የቀበርኩህ መሰለኝ። ቀን ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እለካለሁ፤ ሥራው አይከፋም። ግን እኔን እኔ የሚያሰኘኝ ሩጫው ነው፤ ያንን መተው አቃተኝ።

ስለዚህ ቡድን ፍለጋ ወጣሁ። ሻንቶ በገበያ ቀን ሄድኩ፤ ልጆቹ በደስታ ተቀበሉኝ፣ ነገር ግን ኳሳቸው የጨርቅ ነበረች። ዱቦ ደግሞ አሠልጣኙ ሜዳውን አንዴ አስሮጠኝና፣ ፊቴን ሳይሆን እግሬን እያየ «እናስብበት» አለ። ሲያስብበት ይኸው እስካሁን አለ።

ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ከቦዲቲ መልእክት መጣ። አቶ ክፍሌ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ናቸው የቡድኑ አለቃ፤ አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያ የቀሩ ናቸው። «የወጌሻው ልጅ ይምጣልን» ብለው ነበር። እኔ የሰማሁት «ይምጣልን» የሚለውን ብቻ ነው። በጭነት መኪና ላይ፣ በበርበሬ ጆንያ መካከል ተቀምጬ እያስነጠስኩ ሄድኩ። ዶሮ ታርዶ ጠበቀኝ። እናቶች እየመጡ እጄን ሳሙ፤ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች እጁ ሲሳም አይቼ ባላውቅም፣ የቦዲቲ ሰው ኳስ ይወዳል ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ከአረካ ቡድን ጋር ጨዋታ ነበር። አቶ ክፍሌ ራሳቸው የሰፉትን ማልያ አንድ በአንድ ሲያድሉ እጄን ዘርግቼ ተራዬን ጠበቅኩ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ አንድ ቅል ቂቤና አንድ እስር የቀርከሃ ስንጥር አስታቀፉኝ።

ያገራችንን ነገር ታውቀዋለህ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ሸክላ ሠሪ ነው፣ የአንጥረኛው ልጅ አንጥረኛ ነው፤ ትችላለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ኧረ እኔ ወጌሻ አይደለሁም» አልኳቸው። ሁሉም ደስ ብሏቸው ሳቁ። አንተም እኮ በሽተኛ ባመሰገነህ ቁጥር «የሚፈውስ ጌታ ነው፤ እኔ ወጌሻ አይደለሁም» ትል ነበር፤ ቦዲቲም ድረስ ይታወቃል። እኔ ይበልጥ በማልኩ ቁጥር እነሱ ይበልጥ አመኑኝ። «ልክ እንደ አባቱ!» አሉ። ባሕር ዛፍ እንኳ በሌለበት የሜዳ ጠርዝ ላይ ቂቤ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ተናድጄ ነበር፤ ባንተም ጭምር።

ጨዋታው ሳይጋመስ ታደለ የሚባለው መምህር፣ አጥቂያቸው፣ በትከሻው ወደቀ። ተሸክመው ፊቴ አስተኙት። ሰዉ ከበበኝ። አባዬ፣ እኔ ስለዚህ ሙያ የማውቀው ከሥር ሆኖ መጮኽ ብቻ ነው። ሁሉም እጄን ያያል፤ ታደለም ያየኛል፣ ዓይኑ አምኖኛል። ያኔ ትዝ ያለኝ እጅህ የሚሠራው ነገር ሳይሆን የማይሠራው ነው። አንዳንዱን በሽተኛ ዳበስ አድርገህ እጅህን ትሰበስብና፣ «ይሄ የኔ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ትል ነበር። ሰው ቢለምንህም ቢቆጣህም አትነካውም ነበር።

እኔም አልነካሁትም። ክንዱን በነጠላ ከደረቱ ጋር አስሬ «ሐኪም ቤት ይሂድ» አልኩ። አቶ ክፍሌ ጮኹብኝ፤ የታረደልኝን ዶሮ ሳይቀር እያነሱ ወቀሱኝ። ታደለን መኪና ላይ ሲያወጡት ቡድኑ አንድ ሰው ጎደለ። «ማልያውን ለኔ ስጡኝ» አልኩ። «ክንዱን እምቢ ብለህ ማልያውን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። የመለሰላቸው ታደለ ነው፤ ጥርሱን ነክሶ «ስጡት፤ በጎደሎ ከመሸነፍ ይሻላል» አለ። አረካዎችም አልተቃወሙም።

ገባሁ። ጎል አላገባሁም፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ተሸንፈናል። ግን ሮጥኩ አባዬ። አንዴ ተከላካዩን አልፌ ስሄድ ከኋላ ጠልፎኝ ወደቅኩ፤ ያው ቁርጭምጭሚት። ከልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሳልነሣ፣ እስክትመጣ ጠበቅኩህ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ማንም አልመጣም። እንደሞትክ ያኔ ነው የገባኝ። ለቅሶው ላይ ያላወጣሁትን እንባ እዚያ ሣር ላይ አወጣሁት፤ እግሩን አሞት ነው ብለው አዘኑልኝ። ከዚያ እግሬን በገዛ እጄ ዳበስኩት። አልተሰበረም። ተነሣሁ።

ባለፈው ሳምንት አቶ ክፍሌ ሶዶ ድረስ መጡ። የታደለ አጥንት ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ቢጎተት ኖሮ ክንዱ ይበላሽ ነበር ብሏል ሐኪሙ። ቤት ገብተው ኮፍያቸውን እያሻሹ «ልጅዎን ለእሑድ ፈልጌ ነበር» አሏት እማዬን። እማዬን ታውቃታለህ፣ በቀላሉ አትለቅም፤ «ምን ሆኖ ነው የሚመጣው?» አለቻቸው። «በቀኝ ክንፍ» አሉ።

እጅህን አልወረስኩም አባዬ፤ ሰው ቢያዝንም ይኸው ነው። የወረስኩት አንተ የገጣጠምከውን ይህን ሰውነት ነው። በሮጥኩበት ቀን አስታውስሃለሁ፤ ባነከስኩበት ቀን ደግሞ ይበልጥ አስታውስሃለሁ። እሑድ እጫወታለሁ። ብወድቅ አልጠብቅህም፤ ተነሥቼ እሮጣለሁ።

ልጅህ