በጨርቅ የተጠፈረው እግር

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ፣ ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ያስቸገረኝ ንዴቱ ነው። እግርህስ? ከመሰላል ወድቀህ ያበጠውን እግር በጨርቅ ጠፍረህ "ምንም አይደል፣ ይተወኛል" ስትለኝ ስልኩ ላይ "እሺ" ያልኩህ አምኜህ እንዳይመስልህ። ሐኪም ሳያይህ ሁለት ሳምንት ሊሞላህ ነው።

እስቲ የዛሬውን ጉድ ልንገርህ። መጋረጃ በምሰፋበት ቤት፣ እሑድ እሑድ የመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የምንጫወተው ጨዋታ አለ። ፈረንጅ የፈለሰፈው ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው ሆኖ "እንዲህ አደረግሁ" ይላል፣ መሳካቱን ዳይስ፣ ያ የሚወረወረው ባለ ነጥብ ጠጠር፣ ይወስናል፣ ታሪኩን የምተርከውም የምዳኘውም እኔ ነኝ። ዘመኑ የፈረንጅ ጥንት ነው፤ ግንብ፣ ሰይፍ፣ ፈረስ።

ደስ ይላል እንዳልልህ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አክሽን እንለዋለን። በጨዋታው ውስጥ በደረጃ መውረድ አያውቅም። ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ በመጋረጃ ተንጠላጥሎ፣ ፈረስ ላይ ዱብ! መጋረጃ ሰው ይሸከም እንደሆነ እንኳ እኔን አይጠይቀኝም። ሁለተኛው የታሪክ መምህር ነው። እሱ ዘንድ ዝናብ ከዘነበ ሰይፉ ይዝጋል፣ ፈረሱም ካልበላ ንቅንቅ አይልም። ባለፈው ከሰዓቱን ሙሉ የወታደር ጫማ ስናደርቅ ዋልን። አንዱ ልቤን ያወልቀዋል፣ ሌላው እንቅልፌን ያመጣዋል።

ዛሬ አክሽን የሚጫወተው ፈረሰኛ ከግንቡ መስኮት ሲዘል ዳይሱ ከዳውና እግሩ ተሰበረ። መምህሩ መነጽሩን አስተካክሎ፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እግር ይመረቅዛል፣ ወይ ይቆረጣል ወይ ሰውየው ይሞታል አለ። አክሽን ጠረጴዛውን ደበደበው፤ በጨርቅ ጠፍሮ ይነሳል፣ ወንድ አይደል እንዴ፣ አለ። ተጨቃጨቁ፣ ተጨቃጨቁና መርፌዎቼን ወለል ላይ በትነው፣ ፍረጂ አሉኝ።

ሁሌ ለአክሽን ነበር የማደላው፣ ጨዋታው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ። ዛሬ ግን ያንን "በጨርቅ" የሚለውን ስሰማ ደሜ ፈላ። "አንተ ደረቅ፣ ሐኪም ቤት ሂድ!" ብዬ አምባረቅሁበት። መምህሩ ደንግጦ፣ በዚያ ዘመን እኮ ሐኪም ቤት እንደዚህ አልነበረም አለኝ። አሁን አለ፣ ዝም በል አልኩት። ከዚያ እንባዬ መጣ።

አክሽን ቀስ ብሎ የማን እግር ነው አለኝ። ያንተን ነገርኳቸው። መምህሩ ጎንበስ ብሎ የበተኗቸውን መርፌዎቼን ይለቅም ጀመር። አክሽን ደግሞ፣ እኔ እኮ ጨዋታ ስለሆነ ነው፣ የራሴ ጣት ካበጠ በማግስቱ ሐኪም ቤት ነኝ አለ። ሰማህ? ይህን ያለው በመስኮት የሚወጣው ሰውዬ ነው!

ወንድም ጋሼ፣ ፈረሰኛው ቢሞት በሚመጣው እሑድ ሌላ እንፈጥራለን። አንተን ከየት አባቴ አመጣለሁ? ይህን እንዳነበብክ ተነስተህ ሂድ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ትልቋን ልጅህን ትምህርቷ ላይ ትበርታ በልልኝ፣ የትንሹን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርግልኝ። ለባለቤትህ ደብዳቤውን ጮክ ብለህ አንብብላት፤ እምቢ ካልክ ጎረቤት ጠርታ አሸክማ ትወስድህ ዘንድ አደራ ብያታለሁ። ብታኮርፈኝ ግድ የለኝም። ብቻ በሁለት እግርህ ቆመህ አኩርፈኝ።

ታናሽ እህትህ
ከመጋረጃ ቤቱ፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ