ማገር የሌላት ጀልባ

ኅዳር ፲፪፣ ቡሬ

ዛሬ ከወንድሜ ከአዱኛ ጋር ብየዳ ቤት ዋልሁ። ገበያተኛውን ዓባይ የሚያሻግርባት አዲሷ የብረት ጀልባ ነገ በመኪና ተጭና ወደ ወንዙ ልትወርድ ነበር። ልጁ ሰናይት የመርከብ ግንባታ ተምራ መጥታ የለ? ገና ወደ ጀልባዋ ውስጥ እንዳየች ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ቋሚው አለ፤ ማገሩ የታለ?» አለቻቸው በያጁን ጋሽ ሙሉን። እውነቷን ነው፤ የጎን ብረቶቹ እንደ ግድግዳ እንጨት ተደርድረዋል፣ በርዝመቷ ሄዶ የሚያያይዛቸው ግን የለም።

«ስንት የመኪና ካሶኒ እንዲህ ሠርቻለሁ እኮ!» አሉ ጋሽ ሙሉ።

«ካሶኒውንማ ከሥሩ ሻንሲ ይሸከመዋል። ይችን ማን ይሸከማታል? ጭነት ሲበዛባት ከወገቧ ትታጠፋለች።»

ጋሽ ሙሉ አንገታቸውን አከኩ። «አንተ አዱኛ፣ የወለድኸው ልጅ ነው ተቆጣጣሪ?»

ወንድሜ አልሳቀም። ለቅዳሜ ገበያ አደርሳችኋለሁ ብሎ ለአገሩ ሁሉ ቃል ሰጥቷል፤ ቃሉን ማጠፍ ደግሞ ሞቱ ነው። ጀልባዋን ዞሮ ዞሮ አያት። ከዚያ ለሾፌሩ ደውሎ «ነገ አትምጣ» አለው።

«ቅዳሜ የሚወርድብህን ስድብ አስበኸዋል?» አልሁት።

«ይስደቡኝ» አለ። «በደረቅ መሬት ቆመው ነው የሚሰድቡኝ።»