የጓሮዋ ክፍል

ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? የእኔን የእጅ ጽሑፍ ስታይ ሳትደነግጥ አትቀርም፤ እስከ ዛሬ የምትጽፍልህ እናትህ ናት። ሁላችንም ደህና ነን። የእኔ ጉልበት ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ዘንድሮ የቤት ግብር ግምት እንደ አዲስ ወጣ። የእኛ ቤት ጣሪያው እያፈሰሰ የባለፎቅ ያህል ተገመተ። ድሮ ቅሬታ ያለው ሰው ማመልከቻውን በመስኮት ያስገባል፣ ኮሚቴው በር ዘግቶ ይወስናል፣ ምክንያቱን የሚነግርህ የለም። ይህን ያስቀየሩት ጎረቤታችን አዋላጇ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራዬ ብለው በየቤቱ እየዞሩ ሰው አስፈረሙ፤ ቢሮው ደጃፍ እየተቀመጡ ኃላፊውን መግቢያ መውጫ አሳጡት። በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ይናገር፣ እንዴት እንደተገመተበት ይይ፣ ሌላውም ሰው ይስማ ተባለ።

የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ተራዬ ሲደርስ ሰብሳቢው፣ “ግምቱ በዛ የሚሉት ከማን ቤት ጋር አነጻጽረው ነው?” አለኝ። አዋላጇ ፊት ለፊት ተቀምጠው “አይዞህ፣ ተናገር” በሚል ዓይን ያዩኛል። እኔ ደግሞ ጣቴን ወደ እሳቸው ቀሰርኩ።

“የእኚህ ሴት ቤት ከእኔ እኩል ነው። ከጓሮ የሚከራይ ክፍልም አላቸው። ግምታቸው ግን ከእኔ ያነሰ ነው።”

ክፍሏን ታውቃታለህ። ከቤት የወጣህ ጊዜ ሁለት ዓመት የተቀመጥክባት ናት። ሳንቲም እንዳላስከፈሉህ አውቃለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን ለራሴም መመለስ አልቻልኩም። ያቺን መስኮት ባየሁ ቁጥር ግን ፊቴን አዞር ነበር።

የእኔ ግምት ተቀነሰ። የእሳቸው፣ የኪራይ ቤት ነው ተብሎ ሽቅብ ወጣ። እናትህ፣ “እንዴት አንጀትህ ቻለ?” አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ አታዋራኝም። እኔም አዋላጇን ላለማግኘት በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ሰፈሬ፣ እንደ ሌባ!

ትናንት የእሳቸው ቅሬታ የሚሰማበት ቀን ነበር። ሄድኩና ከኋላ ቆሜ እጄን አወጣሁ።

“ክፍሏ ተከራይታ አታውቅም” አልኩ። “ዋሽቼ ነው።”

“በምን ያውቃሉ?” አለ ሰብሳቢው።

ፀጉር አስተካካዬ ሳይቀር እዚያ ነበር።

“ልጄን ያስጠለሉባት ናት። እኔ ከቤት ያባረርኩትን ልጄን።”

ፊቴ እሳት ሆነ፤ ወለሉ በዋጠኝ ብዬ ተመኘሁ። የኪራይ ቤት መባሉ ተሰረዘላቸው። የእኔም ግምት እንደገና ይታይ ተባለ። ይታይ።

ስንወጣ በሩ ጋ ደረስኩባቸው። “እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። ነጠላ ጫማቸውን እያስተካከሉ ቀና ብለው አዩኝ።

“በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገርከውን ለልጁስ ነግረኸዋል?” አሉኝ።

ይኸው አሁን ነገርኩህ።

በሄድክበት ሁሉ ደግ ጎረቤት አይጥፋብህ፤ ጤናህንም አብዝቶ ይስጥህ። ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል። ባትጽፍም ይገባኛል።

አባትህ