የአባትሽ መላጫ

ድንቄዬ፣ የኔ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽ እስኪወጣ ድረስ ሰው እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰና ቤቱ ጭር አለ። ልጃችን ሴና ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሐዋሳ ናት። እሑድ እሑድ ትደውልና ልክ እንዳንቺ መብላቴን ትጠይቀኛለች። ባልበላም በላሁ እላታለሁ። የስፌት መኪናሽ በመስኮቱ ሥር እንዳለ ነው፤ አቧራ እንዳይገባው ያንኑ ጨርቅሽን አልብሼዋለሁ። ጀምረሽ የተውሻቸውን የተማሪ ዩኒፎርሞች ጎረቤታችን አልማዝ ጨርሳ ለየባለቤቱ ሰጠችልኝ። አሰላ ያው ናት። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ይወርድና መንገዱን ይሸፍነዋል፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ራሴ ከፍቼ እገባለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጺሜ ነው። አትሳቂብኝ።

ከቀብርሽ ቀን ጀምሮ አልተላጨሁም ነበር። በአርባሽ ተላጭ አሉኝ፣ በሰማንያሽም አሉኝ። በሙት ዓመትሽ ደግሞ የዕድራችን ሽማግሌዎች ፀጉር አስተካካዩን ቤት ድረስ ይዘውት መጡ። እምቢ ብዬ መለስኩት። ሁሉም የሐዘን ጽናት አድርገው ቆጠሩልኝ፤ ሐዘኑስ ነበረ፣ ግን ሌላም ነገር ነበር። የፕላስቲክ መላጫ ለአንገቴ እንደማይስማማ ታውቂያለሽ። በተላጨሁ በሦስተኛው ቀን ሽፍ ይልብኝና ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይበቅላል። አንቺ ነበርሽ መርፌሽን በአልኮል ጠርገሽ፣ አገጬን ወደ መስኮቱ ቀና አድርገሽ፣ አንድ በአንድ የምታወጪልኝ። አሁን ብላጭ ማን ያወጣልኛል ብዬ ነው የተውኩት። ይህን ለሽማግሌ እንዴት አድርጌ ልንገር?

ሁልጊዜ አባትሽን እንድጠይቅ ትመክሪኝ ነበር። ሰባ ዓመት አልፎት አንገቱ የሕፃን አንገት ይመስላል፣ ያንን የብረት መላጫውን እንዲያሳይህ ለምን ጎበሳ እሱ ዘንድ አትሄድም ትይኝ ነበር። አልሄድኩም። አንደኛ ምላጩን ፈራሁት። ሁለተኛ አባትሽንም እፈራቸው ነበር። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ያሉትን አልረሳሁትም፤ መምህር ዛሬ እዚህ ይመደባል፣ ነገ ይቀየራል፣ ልጄን ይዞብኝ ይሄዳል ነበር ያሉት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የትም ባልወስድሽም ያ ነገር በመካከላችን ቀረ። እንከባበራለን እንጂ ሁለታችን ብቻ ሆነን ተቀምጠን አናውቅም። በቀብርሽ ቀን አንድ ጊዜ አቀፉኝ፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ አልደወሉም። እኔም አልደወልኩም። እኔ ያልደወልኩበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ እነግርሻለሁ።

ባለፈው ኅዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ለመመለስ የዝውውር ቅጽ ሞላሁ። አንቺ የለሽ፣ ሴና የለች፣ ለማን ብዬ እቀመጣለሁ አልኩ። ቅጹ ገና ቦርሳዬ ውስጥ እያለ ወንድምሽ ገመቹ ደወለ። የአባትሽ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ መላጫ መያዝ አቅቷቸዋል። ገመቹ ልላጭዎት ቢላቸው እምቢ አሉ፤ ፀጉር አስተካካይም አስጠርቶ ነበር፣ መለሱት። መምህሩን ጥሩልኝ ብለዋል አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ።

በረንዳው ላይ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ዱካ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጭ ጺም እስከ ጉንጫቸው ወጥቷል። የኔንም ጺም አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ሳሙናው፣ ብሩሹ፣ ፎጣው፣ በማንቆርቆሪያ የፈላው ውሃ ሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ በዚህ ዓይነት መላጫ ተላጭቼ አላውቅም፣ እቆርጥዎታለሁ አልኳቸው።

"አስተምርሃለሁ" አሉ። "መምህር መማር አያቅተውም።"

መላጫው ከባድ ነው፣ ድንቄ። እጀታውን ስታዞሪው አናቱ ላይ እንደ መስኮት ሁለት ክንፍ ይከፈታል፤ ምላጩን ታስቀምጪበታለሽ፤ መልሰሽ ስታዞሪው ይዘጋል። በሁለቱም ወገን ስለቱ በትንሹ ብቻ ይታያል። ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክሬ ፊታቸው ላይ እንዳቆየው አዘዙኝ። አረፋውን በብሩሽ እያሽከረከርኩ እንድቀባ፣ ቆዳውን በግራ እጄ ወጠር እንዳደርግ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ እንድሄድ ነገሩኝ። እኔ በፕላስቲኩ ልማድ ስጫን እጄን በግራ እጃቸው ያዙት። አትጫን፣ ክብደቱ ይበቃዋል፣ አንተ ያዘው ብቻ አሉኝ።

አንዱን ጉንጭ ጨርሼ ጉሮሯቸው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ነው፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው አምነውኛል። ያን ጊዜ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ድንቄን ሆዷን ያመማት ሐሙስ ነበር፣ ነግራኛለች፣ እኔ ግን የፈተና ወረቀት አርሜ ልጨርስና ቅዳሜ ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኳት፣ ሁለት ቀን ያስቆየኋት እኔ ነኝ አልኳቸው። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነው። አንቺም እስከ መጨረሻው አንድ ቀን አላነሳሽብኝም።

አባትሽ ዓይናቸውን አልገለጡም። በግማሽ ፊታቸው ላይ ያለው አረፋ መድረቅ ጀምሮ ነበር።

"ሐሙስ ለእኔም ደውላልኛለች" አሉ። "ሆዴን አመመኝ አለችኝ። ጤና አዳም አፍልተሽ ጠጪበት፣ ይተውሻል አልኳት። ዓመቱን ሙሉ ያልደወልኩት ተቀይሜህ መስሎሃል? አፍሬ ነው።"

ከዚያ ያልተላጨውን ጉንጫቸውን አዞሩልኝ። በኦሮምኛ ጀምረው፣ "ሱታ፣ ቀስ ብለህ ያን ጎን ጨርስልኝ" አሉኝ።

ጨረስኩላቸው። እንባቸውን ከአረፋው ጋር አብሬ ጠረግሁት።

ልሄድ ስነሳ መላጫውን በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ካንተ ጋር ይቀመጥ፣ የእኔ ጺም ሲያድግ ይዘኸው ትመጣለህ አሉኝ። የገባኝ መኪናው ከጎበሳ ከወጣ በኋላ ነው። ዛሬም እንዳልሄድባቸው ነው የፈሩት፤ ያኔ የፈሩት አንቺን እንዳያጡ ነበር፣ አሁን ግን እኔን እንዳያጡ ነው።

በማግስቱ መብራት አልነበረም። ለመላጫ ውሃ ላሞቅ ከሰል ሳቀጣጥል እሳቱን በዝውውር ቅጹ ለኮስኩት። አዲስ ምላጭ ግን አልነበረኝም። ወደ ሱቅ ልወርድ ስል አንቺ ስፌት የምትፈቺው በምላጭ እንደነበር ትዝ አለኝ። ዓመት ሙሉ ያልነካሁትን የመኪናሽን መሳቢያ ከፈትኩት። ጠመኔሽ፣ ሜትርሽ፣ የተረፉ ቁልፎች፣ አንድ ያልተከፈተ ፓኮ ምላጭ። ከጎኑም አንድ የተሠራበት፣ ሰማያዊ የዩኒፎርም ክር የተጠመጠመበት። እሱን አልነካሁትም። ከፓኮው አንድ አወጣሁ። ጺሙ ረዝሞ ስለነበር አስቀድሜ በመቀስሽ አሳጠርኩት፤ ወረቀት እንኳ አታስቆርጪበትም ነበር፣ ይቅር በይኝ።

ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። አገጬ ላይ አንድ ቦታ ቆረጠኝ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ያዝኩት። ከጺሙ ሥር የወጣው ፊት ከስቷል፣ አርጅቷል። ታጥቤ ስጨርስ በልማድ፣ "ድንቄ፣ ነይ እዪኝ" ብዬ ተጣራሁ። ድምፄን ራሴ ሰማሁት። ፎጣውን ይዤ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ውሃው እስኪበርድ አልተነሳሁም።

በሦስተኛው ቀን አንገቴን በመስታወት አየሁት። አንድም ወደ ውስጥ የበቀለ ፀጉር የለም። ልክ ነበርሽ። ልክ ነበርሽ ብዬ የምነግረው ሰው ግን አልነበረም፤ ለዚህም ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት።

ሌላም ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ጺም ሳለኝ ሰው ገበያ ውስጥ አስቁሞ እግዜር ያጥናህ ይለኝ ነበር። አሁን ሰላም ብሎኝ ያልፋል። ፊቴን አይቶ ሐዘኑ አለቀ ይላል። ባለፈው ሳምንት ከወለጋ የተመደበ አዲስ የፊዚክስ መምህር ቀለበቴን አይቶ ባለቤቴ ምን እንደምትሠራ ጠየቀኝ። መምህራን ማረፊያው ውስጥ የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። በአንድ ቃል አርፋለች ብዬ ልዘጋው እችል ነበር። አልዘጋሁትም። ድንቄ ትባል ነበር አልኩት፤ ጎበሳ እንደተወለድሽ፣ የከተማው ልጆች ግማሹ አንቺ የሰፋሽውን ለብሰው እንዳደጉ፣ ስትስቂ አፍሽን በሜትርሽ ጫፍ እንደምትሸፍኚ፣ ደወሉ እስኪደወል ነገርኩት። ልጁ ሻዩን ሳይጠጣ ሰማኝ።

እና ድንቄዬ፣ ይህን ቃሌን ያዢልኝ። ፊቴ ከእንግዲህ ስለ አንቺ አይናገርም፤ እኔ እናገራለሁ። ለሚያውቅሽም ለማያውቅሽም፣ ጠያቂ ሲኖርም ሳይኖርም፣ ስምሽን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ጎበሳ እሄዳለሁ። እዚያ ደግሞ ከአባትሽ ጋር ሁለት ሆነን እንጠራሻለን።

ባልሽ አንዷለም